ያልመጣው መርዶ

ሐሙስ፣ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ብፅአትን ራሷን አላመማትም።

ሰዓቱን የማውቀው እሷ ስለጠየቀችኝ ነው። ገዳሪፍ ውስጥ፣ ከእህል ገበያው ጀርባ ባለች ትንሽ ክሊኒክ፣ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዶክተሩ ማጅራቷን በጣቱ ዳብሶ፣ ከራስ ቅሏ ሥር በግራም በቀኝም የማደንዘዣ መርፌ ወግቷት፣ አሁን እጁን ይታጠባል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ ገለጠችው።

«ሰማኸኝ፣ ስንት ሰዓት ነው?» ብላ በስሜ ጠራችኝ።

«አራት።»

«ዝም አለ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ ጮክ ብላ ከተናገረች የሚመለስባት ይመስል።

«ምኑ?»

«ጭንቅላቴ ነዋ! ሦስት ዓመት የጮኸብኝ።»

ነርሷ ፈቲያ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ዶክተሩ በዓይኑ ከለከላት። ፈቲያ ወላጆቿ ከወሎ መጥተው እዚሁ ገዳሪፍ የወለዷት የጎረቤታችን ልጅ ናት። ዶክተሩን ያገኘችልን እሷ ነች። ካርቱም ትልቅ ሐኪም ነበር አሉ፤ ጦርነቱ ሲነሳ ልጆቹን ይዞ ሸሽቶ እንደ ሌላው ሁሉ ገዳሪፍ ተጠጋ።

«ከአንገትሽ ወጥቶ ወደ ራስሽ የሚሄድ ነርቭ አለ» አላት በዓረብኛ፤ እኔ በአማርኛ እተረጉምላታለሁ። «መንገዱ በጡንቻ መሀል ነው። ያ ጡንቻ ጨምድዶ ይዞታል። የውሃ ቱቦ ላይ ሰው ሲቆምበት ማለት ነው። አሁን ነርቩን ስላደነዘዝኩት ሕመሙ ጠፋ፤ ጥፋቱ የት እንዳለ አወቅን ማለት ነው። መርፌው ግን እስከ ማታ ነው የሚቆየው። ከፈለግሽ በቀዶ ሕክምና ጡንቻውን ከላዩ ላይ አነሳለታለሁ። ነርቩን አልቆርጠውም፤ መንገድ ነው የምከፍትለት።»

«እድናለሁ?»

«ሁሉም አይድንም። አንቺን ግን መርፌው መስክሮልሻል።»

ስለ ክፍያው ስጠይቀው ሳቀ። «አንቺም ናዚህ፣ እኔም ናዚህ» አላት፤ ተፈናቃይ ማለቱ ነው።

ብፅአትን ያወቅኋት ኡም ራኩባ ካምፕ ነው። እኔ ከገዳሪፍ በቦክሲ፣ በፒካፕ መኪናዬ፣ ለካምፑ ሱቆች ሳሙና፣ ዘይትና ሽንኩርት አመላልሳለሁ። እሷ በ2013 ኅዳር ከሁመራ በኩል ከእናቷ ጋር የተሻገረች ስደተኛ ናት፤ በአንዲት የፀሐይ ሰሌዳ የሰው ስልክ ቻርጅ እያደረገች ትኖራለች። ለወራት ስልኬን ስሰጣት ቀና ብላ አላየችኝም። ምክንያቱ የገባኝ መስሎኝ ነበር። የእኔ ወላጆች አርማጭሆዎች ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ሸሽተው መጥተው ገዳሪፍ ወለዱኝ። እሷን ያፈናቀላት ጦርነት ደግሞ የእኛን ሰውና የእነሱን ሰው ደም ያቃባ ነው። «ፊቴን ማየት ጠልታ ነው» ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ቀን ስልኬን ስቀበል ጀርባዬ ፀሐዩን ጋረደላትና ቀና አለች።

«እባክህ እንዲሁ ቁምልኝ» አለችኝ።

ለካ የሚያማት ብርሃኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ኡም ራኩባ በሄድኩ ቁጥር ሽንኩርቴን አራግፌ ፀሐይ ስጋርድላት እውላለሁ።

ያን ሐሙስ ግን የሚጋርድላት ሰው አላስፈለጋትም። ከክሊኒኩ ወጥተን፣ ሰሊጥ በሚጭኑት መኪኖች መሀል፣ በዚያ ሁሉ አቧራና ጡሩምባ ውስጥ ራሷን ቀና አድርጋ ሄደች። ፉል አዘዝን፤ ደገመች። ወትሮ ማኘክ እንኳ ያማት ነበር። ከዚያ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ትክ ብላ አየችኝ።

«ምን ታያለሽ?»

«አንተን። ለካ ፊት አለህ።»

«እስከ ዛሬ ምን መስዬሽ ነበር?»

«ጥላ።» ሳቀች። «ጥርስህም የተሸረፈ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ተታልያለሁ።»

ሻይ ሻጯ ዞር ብላ እስክታየን ሳቅን። ከዚያ ብፅአት በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው ማየት ጀመረች። ሸክም የያዘውን፣ የሚጣላውን፣ የሚሮጠውን።

«ሁላችሁም እንዲህ ነው የምትውሉት?» አለችኝ። «ምንም ሳያማችሁ? እንዲህ እየዋላችሁ ነው የምታማርሩት?»

ፀሐዩ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ሲጀምር በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ማታን ፈርቼ አላውቅም።

*

ዶካ ከተማን አልፈን ወደ ካምፑ ስንታጠፍ ሕመሙ ተመለሰ። ግንባሯን የመኪናው መስኮት ላይ ስታስደግፍ አወቅሁ።

እናቷ አደይ ትዕበ ደጅ ቆመው ነበር። እኚህ ሴት ባላቸውን አባይን የተለዩት ተከዜ ዳር ነው። ሰዉ ሲሻገር «በሬዎቹን ላምጣ» ብሎ ተመለሰ፤ አልመጣም። ስልክ ሲከፈት ቁጥሩ አልሠራ አለ። አንዱ እስር ቤት አየሁት አለ፤ ሌላው ቀበርኩት ብሎ ሲያበቃ በማግስቱ «ሌላ ሰው ነው» አለ። በእነሱ አገርም በእኛም መርዶ ሳይረዱ አይለቀስም። ስለዚህ አደይ ትዕበ አላለቀሱም። ሆነ ብለው ቀለም ያለው ቀሚስ ይለብሳሉ፤ ፀጉራቸውን በየሳምንቱ ይሠራሉ። «ባሌ መንገድ ላይ ነው» ይላሉ። ስለ አባይ «ነበር» ብሎ የተናገረውን ሰው ዳግመኛ አያናግሩትም።

ልጃቸውን ሲያዩ ወዲያው ነጩን ሻሽ አወጡ። ጉልበታቸውን ጀርባዋ ላይ ተክለው፣ በሁለት እጃቸው ስበው ራሷን ጥፍር አድርገው ያስሯታል። በየማታው እንዲህ ነው። የሚያውቁት መድኃኒት ይኸው ነው።

«አደይ፣ ትንሽ ፍቺው» አለች ብፅአት። «ዶክተሩ አይታሰር ብሏል። ይብሰዋል።»

«ዶክተሩ አንድ ሌሊት ካንቺ ጋር አድሮ ያውቃል?»

«መድኃኒት አለው። ማጅራቴን ከፍቶ—»

«ማጅራትሽን!»

«ትንሽ ነው። ከኋላ ፀጉሬን ይላጩትና—»

የአደይ ትዕበ እጅ ሻሹ ላይ ቀጥ አለ።

«ምን አልሽኝ?»

«ከኋላ ብቻ፣ አደይ።»

«አባትሽ ሳይሞት?»

እኔም የገባኝ ያኔ ነው። ለእኚህ ሴት የልጃቸው ራስ የሚላጨው በአንድ ምክንያት፣ በሐዘን ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ያቆሙትን ሰው በአንድ ምላጭ ልንጥልባቸው ነው።

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ ክፉ አይደለህም። ሽንኩርትህም ጥሩ ነው። ግን የልጄ ራስ በእናንተ ወገን እጅ ተላጭቶ እንዳላይ።»

«አደይ ትዕበ፣ ሐኪሙ ሱዳናዊ ነው።»

«እሷን የሚነዳትስ?»

ብፅአት ዓይኗን ከድና፣ ሻሹ ግንባሯን ቆርጧት፣ እጇን መሬት ላይ ወደ እኔ ዘረጋች። እናቷ እያዩ ልይዘው አልደፈርኩም። በባዶ መኪና ወደ ገዳሪፍ ስመለስ ያ እጅ ከፊቴ አልጠፋ አለኝ።

*

ብፅአት ከእናቷ ተደብቃ ገዳሪፍ መጣች። ለፀሐይ ሰሌዳው ባትሪ ልፈልግ፣ ፈቲያ ቤት ጥቂት ቀን ልቆይ ብላ ነው።

ፈቲያ መቀስና ምላጭ ይዛ ከኋላዋ ቆመች። የተፈለገው ሁለት ጣት ያህል ቦታ ነበር። የብፅአት ፀጉር ግን ወደ ኋላ የተጎነጎነ ሹሩባ ነውና ከሥር ሲነካ ሁሉም አብሮ ተፈታ፤ ከፊት የቀረው እንደ ጉድ ተንጠለጠለ። ስልኳን አንስታ ራሷን አየች።

«ወይኔ! ተነጭታ ያመለጠች ዶሮ መስያለሁ።»

«ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ይበቅላል» አለች ፈቲያ።

«ግማሹን ከምሸከም ሙሉውን አንሽው።»

«ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ እርግጠኛ ነሽ? ኸላስ፣ ካለቀ አለቀ፤ ከወሰድኩት አልመልሰውም።»

«ብፅአት፣ እናትሽስ?» አልኳት እኔ ከበሩ ላይ።

«ጠርሃ እከናነባለሁ። ሱዳን ውስጥ የሴት ፀጉር ማን አየ? እስኪበቅል ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሰማኸኝ፣ ያን ሐሙስ ባላየው ኖሮ እችለው ነበር። አሁን አልችልም።»

ቀዶ ሕክምናው አልቆ ሲያስገቡኝ በጎኗ ተኝታ ነበር፤ ማጅራቷ በፋሻ ተሸፍኗል፤ ራሷ እንደ ሕፃን ራስ ክብ ነው። ጆሮዋ ትንሽ መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ያማል?»

«ስፌቱ ያማል» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ፈገግ አለች። «እሱ ግን የለም። የእኔው የለም።»

አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ። የተዘጋጀሁት ሌላ ንግግር ነበር፤ የወጣኝ ግን አንድ ቃል ነው።

«አግቢኝ።»

«ሰው ተላጭቶ ይጠየቃል?»

«ይጠየቃል።»

«እናቴ ትገድልሃለች።»

«ትግደለኝ።»

«እናትህስ? እማማ ትርፌ ትግሬ ምራት ይፈልጋሉ?»

«እናቴ ሽንኩርት የማትከትፍ ምራት ነው የማትፈልገው።»

ስትስቅ ስፌቱ ሳባትና ጮኸች፤ እያለቀሰች ሳቀች። «እሺ» አለች። «ራሴን ሳያመኝ የሰጠሁት የመጀመሪያ መልስ ነው። አደራ።»

ፈቲያ መጥታ እስክታስወጣኝ ትንሹን ጆሮዋን እያየሁ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

*

ከሳምንት በኋላ ወደ ኡም ራኩባ ወሰድኳት። ፈቲያ የራሷን ጠርሃ አከናንባት ነበር፤ ጥቁር ነው። ብፅአት መንገዱን ሁሉ ስታወራ መጣች፤ ለእናቷ ማታ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ እጃቸውን ይዛ፣ ቀስ ብላ ልትነግራቸው አስባለች።

ውሃ መቅጃው ጋ ስደርስ መንገዱ በሴቶችና በጀሪካን ተዘግቶ ስለነበር አቆምኩ። ብፅአት ሴቶቹን ልትጠራ በሩን ከፍታ ዘለለች። ጠርሃው በሩ እጀታ ላይ ተያዘ። እሷ ወደፊት ሄደች፤ ጨርቁ መኪናው ላይ ቀረ።

ከእነሱ ጋር ከአንድ ቀበሌ የመጣች ሸዊት የምትባል ሴት ከሁሉም ፊት ቆማ ነበር። የብፅአትን ራስ አየች። ጥቁሩን ጨርቅ አየች። እኔን መሪው ላይ ተቀምጬ አየች። ጀሪካኑን ለቀቀችውና ሁለት እጇን አናቷ ላይ አደረገች።

«ዋይ ኣነ! አባይ! አባይ ወንድሜ!»

«አይደለም!» ብላ ጮኸች ብፅአት። «ሸዊት፣ አይደለም!» ግን ሴቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ተነሥተው ነበር። ጩኸቱ ከድንኳን ድንኳን ከእኛ ቀድሞ ሄደ። ስንደርስ አደይ ትዕበ በዚያ ቀለም ባለው ቀሚሳቸው ደጅ ቆመዋል። የሚያለቅሰውን ሰው ሁሉ አልፈው የልጃቸውን ራስ አዩ።

«አደይ፣ አልሞተም! ታምሜ ነው! ታክሜ ነው!»

«ታምሜ ነው» አሉ እናቷ ቀስ ብለው። «ለእህቴም እንዲሁ ነበር ያሏት። ልጇን ቀብረው መጥተው ትንሽ አሞት ነው አሏት። እስኪነጋ ድረስ አሞት ነው አሏት።»

ይህን ነው ማንም ሊፈታው ያልቻለው። በእኛ አገር መርዶ ፊት ለፊት አይነገርም። መጀመሪያ ይካዳል፤ ደኅና ነው ይባላል፤ ታሟል ይባላል። እኛም የምንለው ያንኑ ነበር። ባስተባበልን ቁጥር መርዶ ነጋሪ መሰልን።

ብፅአት ፋሻውን በሁለት እጇ ቀደደችው። ዞራ ስፌቱን ለሕዝቡ ሁሉ አሳየች። «ይኸው! እዩት! ሐኪም ነው የሰፋው!»

አደይ ትዕበ ቀርበው ቁስሉን በጣታቸው ነኩት።

«ጓለይ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ራስሽን ምን አድርገሽ ነው ለአባትሽ እንዲህ ያለቀስሽለት?»

ከዚያ ወደ እኔ መጡ።

«አንተ ተናገር። የት ነው የጣሉት?»

«በእናቴ ሞት፣ አደይ ትዕበ፣ ስለ አባይ የሰማሁት ነገር የለም።»

«ሐዘን ላይ የሚምል ሰው ይዋሻል።» ደረቴን በመዳፋቸው መቱኝ፤ ጉልበት አልነበረውም። «ከእናንተ በኩል ሰው አወራህ። ታውቃለህ። አውቀህ ልጄን ወስደህ አስላጨሃት፤ ለእኔ መንገር ግን አቃተህ።»

መሬት ላይ ተቀመጡ። የተጎነጎነ ፀጉራቸውን ፈቱ። ከዚያ የወጣው ድምፅ የአንድ ቀን ልቅሶ አልነበረም፤ ከተከዜ ጀምሮ የተጠራቀመ ነው። ወንዶቹ ሸራ ወጠሩ። እኔንም ከወንዶቹ መሀል አስቀመጡኝ፤ ለቅሶ ላይ ማን የማን ወገን ነው አይባልም። ብፅአት በተላጨ ራሷ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ነበር። ዓይናችን ተገናኘ። ለወራት ቀና ብሎ እንዲያየኝ የተመኘሁት ዓይን ነው፤ አሁን እንዳታየኝ ለመንኩ።

*

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቦክሲው ጋ መጣች።

«ዛሬውኑ ፈቲያን አመጣታለሁ» አልኳት። «ዶክተሩንም እለምነዋለሁ። ራሱ መጥቶ ይመስክር።»

«ተኝታለች» አለች።

«ማን?»

«እናቴ። እያንኮራፋች ነው። ከተሻገርን ወዲህ እንዲህ ተኝታ አላየኋትም። በየሌሊቱ ኮቴ በሰማች ቁጥር ትነሳ ነበር።»

«ውሸት ላይ ነው የተኛችው፣ ብፅአት!»

«አውቃለሁ።»

«አባትሽ ቢኖርስ?»

«ካለ እሱ ይቅር ይለኛል። ከሌለ ተለቅሶለታል።» ማጅራቷን በእጇ ሸፈነች። «የእኔን ሕመም ሐኪም አወጣልኝ። የእሷን ሦስት ዓመት ማን ያውጣላት? አሁን ወጣላት። መልሼ ልክተተው? ነገ ተነስታ እንደገና ኮቴ ታዳምጥ?»

«እኔስ?»

«አንተ ልጇን ለመጠየቅ ስትመጣ እሷ የምትጠይቅህ አንድ ነገር ነው። የት ጣሉት ትልሃለች። ምን ትላታለህ? በእሷ ዘንድ መርዶውን ያመጣኸው አንተ ነህ፤ የደበቅኸውም አንተ ነህ።»

«ማንንም አላረዳሁም! ንገሪያት!»

«በሰው ሁሉ ፊት ፋሻዬን ቀድጄ ነገርኳት እኮ!» ጮኸች። እጄን ያዘች፤ እኔ ያን ማታ ያልደፈርኩትን እሷ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ አደረገችው። «ባሏ የሞተባት ሴት ልጇንም ለገዳዩ ወገን ሰጠች ይሏታል። አልችልም። የሰጠሁህን ቃል አልመልስም። ግን አትምጣ።»

«ቃሉን ሳትመልሺ አትምጣ ማለት ምን ማለት ነው?»

«አላውቅም፣ ሰማኸኝ። ራሴን አያመኝም። ሌላ የማውቀው የለም።»

ለፀሐይዋ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜ ነበር፤ ልማድ ሆኖብኝ። እጄን ለቀቀችና ከጥላዬ ወጥታ ሄደች። እንድትመለስ ስሟን እንኳ አልጠራሁም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ አይደለም። አደይ ትዕበ የባላቸውን አርባ ዘመድ ባለበት ሽሬ ሊያወጡ ፈለጉ፤ ከብፅአት ጋር በሐምዳይት በኩል ተሻገሩ። ተዝካሩ ሳይደርስ አባይን ሽሬ ውስጥ፣ ተፈናቃዮች የሰፈሩበት ትምህርት ቤት አገኙት፤ ሁለት ዓመት ታስሮ የተፈታ ነበር። ብፅአት በስልክ የድምፅ መልእክት ነገረችኝ፤ ከኋላዋ የእናቷ ጩኸት ይሰማ ነበር። ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሰላም ከሆነ እመጣለሁ አለች። ክረምቱን በሙሉ ተጻጻፍን።

በጥቅምት 2017፣ ሳትመጣ፣ ካላዛር የሚባለው የቆላ በሽታ ብፅአትን ገደላት። የቀበራት አባቷ ነው።